አብራው ትኖር ነበር

«ባለቤቱ ይቅረብ» አለች የመስኮት አራት ሠራተኛ፣ ከመዝገቡ ላይ ቀና ሳትል።

«ሞቷል» አለች ሰፊዋ።

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሞቶ ከሆነ ማን ሊፈርምልኝ ነው? ባለቤቱን ነው ያልኩሽ። የቤቱን ባለቤት።»

«እሱው ነዋ። ነፍሱን ይማረውና እሱ ነው።»

«አንቺስ ማን ነሽ?»

«ባለቤቱ።»

«የቤቱ?»

«የሱ።»

ከኋላ፣ ሰልፉ ላይ፣ ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ የቆመ ወፍራም ሰው ሳቁ አመለጠው። «ባለቤቱ ሞቶ ባለቤቱ መጥታለች፤ እንግዲህ ባለቤቱን ፈልጉ» አለ ለአጠገቡ ሰው፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ። ሰልፉ ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ኮሪደር ውስጥ ተኮራምቶ የቆመ ሕዝብ ስለነበር ቀልዱ ከሚገባው በላይ ተሳቀለት። ሰፊዋም እንደ መሳቅ አለች፤ ሰው ሲስቅባት አብራ መሳቅ የቆየ ልማዷ ነው። ያልሳቀችው ሠራተኛዋ ብቻ ነበረች። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ዝቅ አድርጋ፣ ሰፊዋን አልፋ፣ ከትከሻዋ ኋላ ጃንጥላቸውን ተደግፈው የቆሙትን የባሏን ወንድም፣ ጋሼን ተመለከተች።

«ሟች ባለቤት ነበራቸው እንዴ?» ስትል እሳቸውን ጠየቀች።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አብራው ትኖር ነበር» አሉ።

ሰፊዋ ቃሉን የሰማችው በጀርባዋ ነው። ለቅጽበት ስለ ሌላ ሴት የሚያወሩ መስሏት፣ ማን ናት ደግሞ ብላ ልትዞር ነበር። ከዚያ ነው የገባት። ፊቷ ላይ የጀመረችውን ፈገግታ የት እንደምታደርሰው ቸገራት። መስታወቱ ላይ «ኮፒ ያልያዘ አይስተናገድም» የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል፤ እሱን ደጋግማ አነበበችው። አብራው ትኖር ነበር የሚባለው ለተከራይ ነው። ለድመትም ይባላል። አሁን ጋሼ ለሷ አሉት፤ ያውም ሳይቆጡ፣ ሳይጣደፉ፣ ሰዓት ስንት ነው ተብለው እንደተጠየቁ ሰው።

ጋሼ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ዋርሳዋ ናቸው። የቀለም መሸጫ ሱቅ አላቸው። ክፉ ሰው ናቸው የሚላቸው የለም። ወንድማቸው ሲሞት ከሁሉ ቀድመው የደረሱት፣ ሬሳውን ከሆስፒታል ያስወጡት፣ በለቅሶው ሰሞን «አይዞሽ፣ እኛ እያለን ምን ትሆኛለሽ» እያሉ ትከሻዋን መታ መታ ሲያደርጉ የሰነበቱት እሳቸው ናቸው። ዛሬም በማለዳ መጥተው «እህት ዓለም፣ አንድ ፊርማ ነው፣ እንደ ምስክር ነገር፤ ሄድ መለስ ነው» ብለው ይዘዋት ወጡ። የምን ፊርማ እንደሆነ አልጠየቀችም። ከተጋባች ጀምሮ አንቱ ስትላቸው ነው የኖረችው፤ አንቱ የሚሉትን ሰው ደግሞ «ለምን» ብሎ መጠየቅ ይከብዳል። ቤቷ ስሙ ሊዞር መሆኑን ያወቀችው እዚህ፣ መስኮቱ ፊት ቆማ ነው።

«መኖር ሌላ፣ መጋባት ሌላ» አለች ሠራተኛዋ። «ተጋብተዋል ወይስ አልተጋቡም?»

«እመቤቴ፣ ወራሾቹ እኔና እህቴ ነን» አሉ ጋሼ። «ልጅ የለውም። ወላጆቻችንም አልፈዋል። ፍርድ ቤት አጣርቶ የሰጠን ነው። እሷ ወራሽ አይደለችም።»

«ወራሽ ናት ወይ ብዬ መች ጠየቅኩዎት?» አለችና ወደ ሰፊዋ ዞረች። እሳቸውን «እርስዎ»፣ እሷን «አንቺ» ነው የምትለው፤ በዕድሜ የሚለያዩ አይመስሉም፣ የሚለያዩት በኮት ነው። «ተጋብታችኋል?»

«ሃያ ሁለት ዓመታችን ነው።»

«ቤቱ የተገዛው ከመጋባታችሁ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ። ጅምር ሆኖ ነው የገዛነው። ጣሪያ አልነበረውም።»

ሠራተኛዋ ከመዝገቡ ጥግ ላይ አንድ ነገር ጫረች። ጋሼ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እጇን አነሳችባቸው። «የጋብቻ ማስረጃዋን ይዛ ትምጣና ድርሻዋ ይለይ፤ አለበለዚያ በቤቱ ላይ ጥያቄ የለኝም የሚል ፊርማዋን አምጡልኝ። ከሁለት አንዱ ሳይኖር ስም አላዛውርም፣ ነገ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ቀጣይ።»

ወፍራሙ ሰውዬ ፋይሉን ከብብቱ እየመዘዘ አለፋት። ሲያልፋት በትህትና ጎንበስ አለ፤ ያ ትህትና ከሳቁ ይልቅ አሳፈራት።

ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ላስቲክ በተወጠረባቸው ዳሶች ሥር፣ ጽሑፍ የሚጽፉ ሰዎች ተደርድረዋል። ጋሼ ከመካከላቸው ፀጉሩን የተላጨ፣ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒዩተርና የተገመሰ ዳቦ ያስቀመጠ አንዱን መርጠው ጎኑ ተቀመጡ። ሰፊዋ ሁለተኛ ወንበር ስላልነበረ ቆመች።

«ጻፍ» አሉ ጋሼ። «እኔ፣ የሟች…» ብለው ቆም አሉ። ጃንጥላቸውን ከቀኝ ጉልበታቸው ወደ ግራ አዛወሩት። «እኔ፣ ከሟች ጋር አብሬ እኖር የነበርኩ፣ በቤቱ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የሌለኝ መሆኑን…»

ጸሐፊው ጣቶቹን ከፍ አድርጎ ጠበቃቸው። «እንደሱ ብዬ ብጽፈው መስኮት አራት ትመልስብዎታለች፣ ጋሼ። ጥያቄ የለኝም የሚለው ጥያቄ ሊኖረው የሚችል ሰው ነው። አብሮ የኖረማ ስንቱ ነው? እኔም ከአክስቴ ጋር አብሬ እኖራለሁ።» ከዚያ አንገቱን አስግጎ ሰፊዋን አየ። «ሚስት ናቸው አይደሉም?»

ጋሼ የጃንጥላቸውን እጀታ አሻሹ። ዳሱ ላይ የተወጠረው ላስቲክ በነፋስ ይርገበገባል። ሰፊዋ መልሱን ከጸሐፊው እኩል ጠበቀች፤ እንዲያውም አንገቷን ትንሽ አዘንብላ ነበር፣ አንድ ቃል እንዳያመልጣት።

«እንግዲያው ባለቤት በለው» አሉ ጋሼ።

ንዴት ሁልጊዜ እንደ እሳት ነው የሚነሳው ይላሉ፤ የሷ ግን እንደ ውሃ ነበር የመጣው፣ ከእግሯ ጀምሮ፣ ቀስ እያለ። ጠዋት መስኮቱ ላይ፣ መብት በሚነሳበት ቦታ፣ አብራው ትኖር ነበር። እዚህ ዳስ ሥር፣ መብት በሚለቀቅበት ቦታ ደግሞ ባለቤት ሆነች። ሚስትነቷን ለአንድ ፊርማ ያህል አወጡላት፤ እስክትፈርም ሊያውሷት ነው፣ ከፈረመች በኋላ መልሰው ሊወስዱት ነው። ይህን ሁሉ በልቧ አሰበች። ጸሐፊው የታተመውን ወረቀት ለጋሼ ሰጣቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው ማንበብ ጀመሩና ግንባራቸው ተኮማተረ።

«እኔ የቤቱ ባለቤት ብለህ ጻፍክ እኮ። የሟቹ ባለቤት ነው እንጂ። የቤቱ ባለቤት ከሆነችማ እኛ ምን ልንሠራ መጣን?»

«ያው ባለቤት ባለቤት ነው ብዬ» አለ ጸሐፊው ራሱን እያከከ። «ምን ላድርግ፣ ቋንቋው ነው።»

እንደገና ጻፈውና የሁለት ገጽ ሂሳብ ጠየቀ። ጋሼ የመጀመሪያው የሱ ስህተት ነው አሉ፤ እሱ ወረቀትና ቀለም ዘንድሮ ስንት እንደገባ ያውቃሉ ወይ አለ፤ የቀለምማ እኔን ጠይቀኝ አሉ፤ ተሳሳቁና ተስማሙ። ሁለት ወንዶች እንዲህ በቀላሉ ሲስማሙ ሰፊዋ ቆማ አየች።

ምሳ ሰዓት ስለነበር ወደ ቤት ተመለሱ። ቤቱ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ወደ መንገድ የሚያይ የስፌት ክፍልና ጓሮ ላይ ሁለት ጠባብ የሰርቪስ ክፍሎች ያሉት ነው። ሰፈሩ ሰፊዋ የሚላት ልብስ ስለምትሰፋ ነው እንጂ ሰውነቷ እንደ ክር ነው፤ ብየዳ ሠራተኛው ባሏ «ሰፊ ናት ብለው ዳሩልኝ፣ ገብቼ ሳያት ቀጭን ናት» እያለ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይቀልድባት ነበር። የስፌት ክፍሉን መስኮት እሱ ራሱ በይዶ የሠራው ሰፋ አድርጎ ነው፤ ጥቁር ጨርቅ ስትሰፋ ዓይኗ እንዳይደክም። ቀሪውን ቤት ያቆመው ግን የተማሪ ዩኒፎርም ነው። አንድ ዓመት ትምህርት ሲከፈት ወለሉ ሊሾ ሆነ፤ በሌላው ዓመት ኮርኒሱ ተመታ። ቤቱ ለስም ምዝገባ የተጠራ ዕለት እሷ ለአንድ ትምህርት ቤት የምታስረክበው ልብስ ነበራት፤ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «አንተ ሂድ» አለችው። «የሁለታችን ስም ይግባ ይላሉ» ሲላት ደግሞ «ለፊርማ ስንቆም ልንውል ነው እንዴ፣ ያንተ ይበቃል» አለችው። እሱም ሳቀና «እውነትሽን ነው፣ እኔና አንቺ ሁለት ሰው ነን እንዴ?» አላት። ያን ጊዜ ደስ ብሏት ነበር። ዛሬ በዚያ ደስታ ላይም ተናደደች፤ ሁለት ሰው ነበሩ፣ ሁለት መሆናቸውን ለማወቅ አንዳቸው መሞት ነበረበት።

ሚጡ የስፌት ክፍሉ ውስጥ ወለሉ ላይ በእንብርክኳ ነበረች። ሚጡ የጋሼና የሟቹ ታናሽ እህት ናት፤ አርባ ዓመት አልፏታል፣ ሦስት ልጆች ወልዳለች፣ ግን የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለነበረች ሚጡ እንደተባለች ቀረች። ጠዋት ቤት ልጠብቅ ብላ ነው የመጣችው። ሰፊዋ ስትወጣም «እትዬ፣ ሜትርሽን ትተሽልኝ ሂጂ» ብላት ነበር፤ ሰፊዋ ለቀሚስ መስሏት ሰጠቻት። አሁን ያንኑ የጨርቅ ሜትር፣ የሰው ወገብና ደረት የምትለካበትን፣ ከግድግዳ ግድግዳ ዘርግታዋለች።

«ይቺ ሜትርሽ አጭር ናት እኮ፣ እትዬ» አለች። «ሁለቴ እያጠፍኩ ነው የለካሁት። ሶፋው በዚህ በኩል ልክክ ይላል። ለልጆቹም ብርሃን አለው።»

«የምን ሶፋ?» አለች ሰፊዋ።

ሚጡ ወንድሟን ቀና ብላ አየች። ጋሼ ጃንጥላቸውን በሩ ኋላ ሰቀሉ። «ገና አልነገርኳትም» አሉ፤ ሰፊዋ እዚያው ቆማ ሳለ፣ በሌላ ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ።

የነገሯት ዳቦና ሻይ ቀርቦ ከተቀመጡ በኋላ ነው። ረጋ ብለው፣ ስኳራቸውን እያማሰሉ ነበር የሚናገሩት። ቤቱ በሳቸውና በሚጡ ስም ይሆናል። ሚጡ የምትከራይበት ቤት ኪራዩ በየስድስት ወሩ ስለሚጨምር ከነልጆቿ እዚህ ትገባለች፤ የሳቸውን ድርሻ ቀስ እያለች ትከፍላቸዋለች። ለሰፊዋ ደግሞ ሰርቪሱ ተትቶላታል፤ ማንም ኪራይ አይጠይቃትም፣ ማንም ውጪ አይላትም፣ እስክትሞት ድረስ የሷ ነው። «እኛ እኮ ይሉኝታ እናውቃለን» አሉ ጋሼ። «ሌላ ቤተሰብ ቢሆን አርባው እንኳ ሳይወጣ ያስወጣሽ ነበር። ወንድሜ ከመቃብር ሆኖ እንዲያዝንብኝ አልፈልግም።» ሚጡ ራሷን እየነቀነቀች አረጋገጠች። መኪናዋንም ወደ ሰርቪሱ ብትወስዳት ይሻላል አለች፤ እዚያ ጸጥታ አለ፣ ደንበኛም ሲመጣ በጓሮ በር ቢገባ ሳሎኑ አይረበሽም።

ሰፊዋ ሻዩን ቀዳችላቸው። በገዛ ቤቷ እንግዳ መሆኗ አልነበረም ያናደዳት፤ ደግነታቸው ነው። ቢሰድቧት ስድብ ትመልስ ነበር። በእጇ የለሰነችውን ግድግዳ ወስደው ከጓሮው አንድ ጥግ ሲመርቁላት ግን ምን ይባላል፤ እግዜር ይስጥልኝ ነው የሚባለው? ሁለቱም የሚጠብቁት እሱን ነበር። ሚጡ ምስጋናው ሲዘገይባት ዳቦዋን ሻይ ውስጥ ነክራ ጎረሰችና፣ አፏን እንደሞላች፣ «ልጅ ቢኖራችሁ ኖሮ ሌላ ነበር፣ እትዬ። ምን ይደረግ» አለች።

ስለ ልጅ በዚያ ቤት ውስጥ ተወርቶ አያውቅም። ሁለቴ ጀምሮ ሁለቴ ቀርቷል፤ ሁለተኛው ጊዜ ባሏ እስኪነጋ ድረስ እጇን ይዞ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ ወዲያ ነገሩ አልተነሳም። ሚጡ ዳቦ እያኘከች አነሳችው። ጋሼ ዓይናቸውን ወደ ብርጭቆው መለሱ። ሰፊዋ ተነስታ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች፤ የሚጡ ገና አላለቀም ነበር፣ እሱንም ከእጇ ወሰደችው።

ወጥ ቤት ገብታ ብርጭቆዎቹን አጠበች። የታጠቡትን መልሳ አጠበች። ወራሽ አይደለሽም የሚለውን ነገር ከለቅሶው ሰሞን ጀምሮ ስትሰማው ነበር፤ አንድ ጊዜ ከሴቶች፣ አንድ ጊዜ ከሚጡ፣ ሁልጊዜ እንደ ሐዘኔታ። ሕጉ ሚስትን በወራሽነት አያውቅም አሏት፤ አመነች፤ ሕግ እንዲህ ቢል አይገርማትም ነበር፣ ብዙ ነገር እንዲህ ነው የሚለው። የመስኮቷ ሠራተኛ ግን «ወራሽ ናት ወይ ብዬ መች ጠየቅኩ» ነው ያለችው። የጠየቀችው ሌላ ነገር ነበር። ሰፊዋ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ወደ ስፌት ክፍሉ ሄደች፤ ከመኪናዋ መሳቢያ፣ ከዚፕና ከቁልፍ ሥር፣ የጋብቻ ወረቀቷን አወጣችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ምን እንደምታደርግበት ገና አልወሰነችም። እንዲሁ ሳትይዘው መውጣት አልሆነላትም እንጂ።

ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ይሞቅ ነበር። ሰልፉ አጠር ብሏል፤ ወፍራሙ ሰውዬ ግን አሁንም አለ፣ አንድ ኮፒ ጎድሎበት ተመልሶ። ጋሼ በመንገድ ላይ ሁሉ ስለ ጓሮው ሲያወሩ ነበር፤ ሰርቪሱን በሱቃቸው ቀለም እንደሚያስቀቡላት፣ ቢጫ ይሁን አረንጓዴ እሷ እንደምትመርጥ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ወረቀቱን መደገፊያው ላይ ዘርግተው የሚፈረምበትን ቦታ በጥፍራቸው አሳዩዋት። እስክሪብቶውን ክዳኑን ከፍተው ሰጧት።

ሰፊዋ እስክሪብቶውን ያዘችና ወደ ሠራተኛዋ ጎንበስ አለች። «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ይቺን ብፈርም ምን እሆናለሁ?»

«ቤቱ ላይ ምንም የለሽም ማለት ነው። ነገ ውጪ ቢሉሽ ትወጫለሽ።»

«ማን ይላታል?» አሉ ጋሼ። «ምን ዓይነት ንግግር ነው?»

«እሷን ነው የማናግረው።»

«ባልፈርምስ?» አለች ሰፊዋ።

ሠራተኛዋ ደክሟታል፤ ምሳዋን ጠረጴዛው ላይ ሆና የበላች ትመስላለች። ለደግነት ጊዜ አልነበራትም፤ የምታውቀውን ብቻ በፍጥነት ነገረቻት። «ባትፈርሚ ግማሹ ያንቺ ነው። በትዳር የተገዛ ቤት ነው። ሟች ያወረሰው የራሱን ግማሽ ነው፤ ያንቺን እንዴት አድርጎ ያወርሳል? አንቺ አልሞትሽማ።»

«ወራሽ አይደለሽም ይሉኛል።»

«አይደለሽማ። የራስሽን ከማን ትወርሺዋለሽ?»

ከኋላ ሰልፉ ላይ ማንም አልሳቀም። ሰፊዋ ቀና አለች። እንዲህ ቀላል ነገር ነበር፤ በአንድ እስትንፋስ የሚነገር። ጋሼ ይህን አያውቁም ነበር? ለቀለም ሱቃቸው ከሦስት ሸሪኮች ጋር ተካሰው የረቱ ሰው፣ ግማሽ ምን እንደሆነ ጠፍቷቸው ነው? ያውቁ ነበር። ስኳራቸውን እያማሰሉም ያውቁ ነበር። ወረቀቱንም ያጻፉት ስለሚያውቁ ነው።

«እህት ዓለም፣ ፈርሚና እንሂድ» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው። «ሰው እያየን ነው። የቤተሰብ ነገር በመስኮት አይወራም።»

«ጋሼ» አለች። «ጠዋት ስለኔ ምን አልክ?»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። የተለወጠው ከግሱ መጨረሻ ላይ ያለ አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ግን ጋሼ በጥፊ እንደተመታ ሰው ቀጥ አለ። ከአጠገቡ የነበሩትም ሰሙት። ወፍራሙ ሰውዬ ፋይሉን ማገላበጡን ተወ።

«ማንን ነው አንተ የምትዪው?»

«አንተን። ጠዋት እዚሁ ቆመህ ስለኔ የተናገርከውን ድገመው።»

«ክፉ ነገር አልተናገርኩም።»

«አብራው ትኖር ነበር ነው ያልከው። እሺ፣ ይሁን። አብራው ትኖር የነበረች ሴት ፊርማ ምን ያደርግልሃል?»

ጋሼ ወረቀቱን አየ፤ ሠራተኛዋን አየ፤ የሚረዳው ያጣ ሰው እንደሚያደርገው ሰልፉንም ዞሮ አየ። ፊቱ ቀልቷል። ሲናገር ያ ረጋ ያለው ድምፁ ጠፍቶ ነበር። «ሚጡ ሦስት ልጆች አሏት» አለ። «የአባታቸው ኑሮ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። አንቺ ማን አለሽ? ለማን ብለሽ ነው?»

«ለኔ» አለች።

ሌላ የምትጨምረው ነገር ያለ መስሎት ጠበቀ። ቦርሳዋን ከፍታ የጋብቻ ወረቀቷን በመስታወቱ ቀዳዳ አሾለከችው። ሠራተኛዋ ገልብጣ አየችው፣ ኮፒ አለሽ ወይ አለቻት፣ የለኝም አለች፣ እዚያ ጥግ ላይ ይነሳል አለቻት። ባዶ ወረቀትም ሰጠቻት፤ ተቃውሞ ካለሽ በአጭሩ ጻፊ፣ ብዙ አታብዢ። ሰፊዋ መደገፊያው ላይ ተደፍታ ጻፈች። ሁለት መስመር ነው የጻፈችው። ጋሼ እስክሪብቶውን ፈልጎ ነው መሰል ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ እስክሪብቶውን ትቶላት ሄደ። የጫማው ድምፅ እስከ ደረጃው ድረስ ይሰማ ነበር። ሠራተኛዋ መዝገቡን ዘግታ ከኋላዋ ካለው ጣውላ ላይ፣ ከሌሎች አቧራ የለበሱ መዛግብት መሀል ሰካችው። «ፍርድ ቤት ወስኖ እስኪያመጣ አይንቀሳቀስም» አለች። «ቀጣይ።»

ተራው የወፍራሙ ሰውዬ ነበር። ሊያልፍ ሲል ቆም አለና «በርቺ፣ እህቴ» አላት በሹክሹክታ። ጠዋት የሳቀባት እሱ መሆኑን የረሳ ይመስላል። ሰፊዋ አልረሳችም።

በእግሯ ነው ወደ ቤት የሄደችው። ስትደርስ ጨለምለም ብሏል። ሚጡ የለችም፤ ወንድሟ ደውሎላት ይሆናል፣ በሩን እንኳ በቅጡ ሳትዘጋ ነው የወጣችው። የስፌት ክፍሉ ግን ባዶ ነበር። የእግር መኪናዋ የለችም፤ ክሮቿ የሉም፤ የደንበኛ ልብሶች ከነልኬት ወረቀታቸው አንድ ላይ ተጠቅልለው በአንሶላ ታስረዋል። ወለሉ ላይ ሶፋው የሚያርፍበት ቦታ በሷው የስፌት ጠመኔ ተሰምሯል። ሰፊዋ ሰርቪሱን ከፈተች። መኪናዋ ከአሮጌ ፍራሽና ከባሏ የብየዳ ዕቃዎች መሀል፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች። እንዲህ ያለ ከባድ ብረት ሁለት ወንድ ነው የሚያነሳው። ሚጡ ማንን ጠርታ እንዳወጣቻት ሰፊዋ አላወቀችም፤ ጎረቤት መጥራት ደግሞ አልፈለገችም። ብቻዋን፣ አንዱን እግር አስቀድማ ሌላውን አስከትላ፣ በጓሮው ሲሚንቶ ላይ እየጎተተች፣ ደፍ ላይ ስትደርስ በጉልበቷ እየደገፈች መለሰቻት። ሊሾው ላይ ከበሩ እስከ መስኮቱ ድረስ ሁለት ነጭ ጭረት ቀረ። ስትጨርስ ወገቧን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ብዙ አልቅሳለች፣ የዛሬው ግን ለሱ አልነበረም። ከዚያ ተነስታ በእርጥብ ጨርቅ ጠመኔውን ጠረገች፤ ነገ የምታስረክበው ቀሚስ ስለነበር ጠርዙን መስፋት ጀመረች።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ከዓመት በላይም ፈጀ። ግማሹ የሰፊዋ እንዲሆን፣ ግማሹ ለወንድምና ለእህት እንዲደርስ ተወሰነ። ሸጣችሁ ተካፈሉ ሲባሉ ስላልተስማሙ አንድ ግንበኛ መጥቶ ሳሎኑን መሀል ለመሀል በብሎኬት ዘጋው። የፊት በሩ በእነሱ በኩል ቀረ፤ ለሷ የስፌት ክፍሉ ግድግዳ ተሰብሮ ወደ መንገድ በር ወጣላት። ጋሼ ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገራትም። ሚጡ ከነልጆቿ ገባች። ብሎኬቱ በአንድ በኩል ብቻ ነው የተለሰነው፣ ድምፅ አይከለክልም፤ ሚጡ ስታስነጥስ ወዲህ ይሰማል። ሰፊዋ ይማርሽ አትላትም።